የብብት ክራንች ወይስ የክርን? ደሴ ላይ ለምትገዙ

ሰሞኑን ሦስት ሰው ደውሎ ይህንኑ ጠየቀኝ። መልሴ አጭር ነው፤ ከወር በላይ የምትይዙት ከሆነና ክንዳችሁ ብርቱ ከሆነ የክርኑን ግዙ።

እኔ ቁርጭምጭሚቴ ሲሰበር የገዛሁት የብብቱን ነው። ነጋዴው 1,900 አለኝ፤ ተከራክሬ በ1,600 ብር ወሰድኩት። የክርኑ 2,800 ነበር። 1,200 ብር አተረፍኩ ብዬ ደስ ብሎኝ ገባሁ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የታችኛው ጎማ ተበሳ። ደህና ጎማ ውስጡ ጠፍጣፋ ብረት አለው፤ ቧንቧው ጎማውን እንዳይቆርጠው ነው። የኔው አልነበረውም። ዝናብ አባርቶ ከፒያሳ ቁልቁል ስወርድ ባዶው ብረት ኮብልስቶኑ ላይ አዳለጠኝ። ግድግዳ ይዤ ተረፍኩ።

ጥንድ ጎማ 300 ብር። ሦስቴ ቀየርኩ፤ 900። ቀጥሎ የቁመት ማስተካከያው ቀዳዳ ሰፋና ክራንቹ በእያንዳንዱ እርምጃ ይንቋቋ ጀመር። ብየዳ ቤት ስወስደው አሉሚኒየም ነው፣ አልበይደውም አሉኝ። ቡሎን አስገብተው አሰሩልኝ፤ 250። ደምሩት፤ 2,750 ብር። ያ ሁሉ ጣጣ ለ50 ብር ነበር።

ከገንዘቡ የባሰው ግን እጄ ነው። የብብት ክራንች ላዩ ላይ ትራስ ስላለው ሰው የሚደገፉበት ይመስለዋል። አይደለም። ትራሱ በክንድና በጎን መሀል ተጨምቆ እንዲቆም ነው የተሠራው። ክብደት የሚያርፈው እጀታው ላይ ነው። በትራሱና በብብት መካከል ሁለት ሦስት ጣት ክፍተት መኖር አለበት። ሲደክመን ግን እንንጠለጠልበታለን። ያኔ በብብት የሚያልፈው ነርቭ ይጨመቃል፤ ሲብስ የእጅ አንጓ ቀና ማለት ያቅተዋል። እኔ ጣቶቼ ሲደነዝዙ ነው የነቃሁት።

የክርኑ ለመንጠልጠል ቦታ አይሰጥም። ከክርን ትንሽ ዝቅ ብሎ ክንድን የሚያቅፍ ቀለበት አለው፤ እጀታውን ብትለቁትም አይወድቅም። ቆማችሁ ከኪሳችሁ ብር አውጥታችሁ የባጃጅ ሒሳብ ትከፍላላችሁ። በብብቱ ይህን ሞክሩት፤ አንዱን ግድግዳ ላይ ማስደገፍ ግድ ነው። ሰኞ ገበያ ግርግር ውስጥም አንድ ዘንግ ስለሆነ የሰው ነጠላ አይዝም። ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ልዩነቱ ብዙም ላይሰማ ይችላል። እዚህ ጦሳ ሥር፣ ዳገትና ቁልቁለቱ መሀል ግን በደንብ ይታወቃል። (ዳገት ስትወጡ ጤነኛው እግር ይቅደም፤ ስትወርዱ ክራንቹ።)

ሐኪም ለሁለት ሦስት ሳምንት እግራችሁን መሬት አታስነኩ ካላችሁ፣ ወይም ሚዛን የሚያስቸግራችሁ ከሆነ የብብቱ ይሻላል። ብቻ ባለሙያ ይለካላችሁ።

ሱቅ ስትገቡ መጀመሪያ ጎማውን አውልቁና ውስጡን በጣት ዳስሱ። ብረቱ ከሌለ ተዉት። ቁመቱን አስተካክላችሁ ነቅንቁት፤ አዲስ ሆኖ ከተንቋቋ ነገም አይድንም። ቆማችሁ እጃችሁን ስታወርዱ እጀታው አንጓችሁ ጋ መድረስ አለበት። ትርፍ ጎማም ያኔውኑ ግዙ። መጠኑ እንደ ቧንቧው ውፍረት ስለሚለያይ እኔ አንዴ ሳልለካ ገዝቼ አልገባ ብሎኝ በአንድ እግሬ ተመልሻለሁ።