ስለ ታኬዳ ግንብ «የደመና ጉዞ» ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት

ጃፓን ኦሳካ ያላችሁ ወይም ለጉብኝት የምትመጡ ወገኖቼ፣ «በደመና ላይ የሚንሳፈፈውን የታኬዳ ግንብ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ የመነሻውን ሰዓት ሳትጠይቁ አንድ የን እንኳ እንዳትከፍሉ። እኔና ባለቤቴ ባለፈው ጥቅምት 36,000 የን ከፍለን ያየነው ፀሐይ የሞቀው የድንጋይ ካብ ብቻ ነው።

ካቡን አልነቅፍም። ግንቡ የድሮ የጦር ምሽግ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1600 ገደማ ባለቤት አጥቶ ስለ ቀረ ሕንፃ የለውም፤ ከ350 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ተራራ አናት ላይ ከሰሜን ወደ ደቡብ 400 ሜትር ያህል የተዘረጋው፣ ባልተጠረበ ድንጋይ ያለ ማጣበቂያ የተካበው ግድግዳ ግን ዛሬም ቀጥ ብሎ ቆሟል። እጄን አሳርፌበት ብዙ ቆየሁ። የተሸጠልን ግን ደመናው ነበር።

ደመና የሚሉት ከማሩያማ ወንዝ ሸለቆ የሚነሣውን ጉም ነው። በመጸው ወራት፣ ሌሊቱ ጥርት ብሎ ሲቀዘቅዝ ይፈጠርና ከንጋት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ ቆይቶ ይበተናል። የእኛ አውቶቡስ ከኦሳካ የተነሣው ልክ በ2 ሰዓት ነው! ከቦታው ስንደርስ 5 ሰዓት ሆኗል። ገንዘባችንን ስንጠይቅ «ለአየር ሁኔታ ኃላፊነት አንወስድም» አሉን። ጉምን ማንም ሊያዝዘው እንደማይችል አውቃለሁ፤ ከተበተነ በኋላ የሚደርስ መኪና አዘጋጅቶ ጉም አሳያችኋለሁ ማለት ግን ማታለል ነው።

ደግሞም ግንቡ ውስጥ የቆመ ሰው ግንቡ ሲንሳፈፍ አያይም። ያ የምታውቁት ፎቶግራፍ የሚነሣው ከወንዙ ማዶ፣ ሪትሱንክዮ ከሚባለው ተራራማ መመልከቻ ነው። በእኛ ጉዞ ውስጥ አልነበረም። በሒሳቡ ላይ ለ«ልዩ መግቢያ» በነፍስ ወከፍ 2,500 የን ተጽፎ ነበር፤ በሩ ላይ የተለጠፈው የአዋቂ ዋጋ ግን 500 የን ብቻ ነበር።

ማየት የምትፈልጉ ከሂሜጂ ከተማ በባቡር ተነሥታችሁ ቴራማኤ ጣቢያ ላይ ባቡር በመቀየር ታኬዳ ግቡ፤ እዚያው እደሩ። ገና ሳይነጋ በታክሲ ወደ ሪትሱንክዮ ሂዱ፤ ከመኪና ማቆሚያው በኋላ በእግር የሚወጣ ዳገት አለና ጥሩ ጫማ አድርጉ። ግንቡን ጉሙ ከተነሣ በኋላ ተረጋግታችሁ ትጎበኙታላችሁ። በጥር ወር አካባቢ ለጎብኚ ስለሚዘጋ አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

እንደ እኛ አስቀድማችሁ የከፈላችሁ ካላችሁ ደረሰኙንና ማስታወቂያውን አትጣሉ። በጃፓን የሸማቾች አቤቱታ የሚቀርብበት ስልክ 188 ነው።