የመጀመሪያው የዶቃ ምድጃ፦ ጡብ፣ ፋይበር ወይስ ርካሹ?

ጓደኞቼ የመስታወት ዶቃ ሥራ ሲጀምሩ ቶርቹን (መስታወቱን የሚያቀልጠውን የጋዝ ነበልባል) እና መስታወቱን በራሳቸው ይገዛሉ። ምድጃው ላይ ሲደርሱ ነው የሚደውሉልኝ። «የቱን ኪልን (ምድጃ) ልግዛ?» ለሁሉም መልሴ አንድ ነው፦ ያገለገለ፣ ትንሽ፣ ውስጡ ጡብ የሆነ፣ ዲጂታል መቆጣጠሪያ ያለው። የማወራው አሜሪካ ሆነን በ120 ቮልት ሶኬት ለምንሠራው ነው።

ዓይን ውስጥ የሚገባው ግን ፋይበሩ፣ ማለት ውስጡ በጡብ ፈንታ ሙቀት በሚችል ቀላል የሴራሚክ ጭረት የተሠራው ነው። ለምሳሌ ፓራጎን የሚባለው ኩባንያ የሚሠራውን ኤስሲ-2 ምድጃ ውሰዱ። ጥሩ ዕቃ ነው፣ አልክድም። አይከብድም፣ ቶሎ ይግላል፣ ጠረጴዛ ጥግ ላይ ይቀመጣል። አዲሱን ከነዶቃ በሩ (ዶቃው ከነዘንጉ የሚገባበት ትንሽ በር) ከፈለጋችሁ ግን ከ1,000 ዶላር በታች አትጠብቁ፣ ማጓጓዣው ሳይቆጠር። እሱንስ እንክፈል። እኔን የሚያናድደኝ ጥገናው ነው። የሚያግለው ሽቦ ፋይበሩ ውስጥ ተቀብሮ ስለሚመጣ፣ ሲቃጠል ለብቻው አይቀየርም። የውስጡ ሳጥን እንዳለ ወጥቶ ሌላ ይገባል። የምትከፍሉትም የሳጥኑን ነው።

የጡቡ አሠራር አገር ቤት የምናውቀው የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። ሽቦው በተቦረቦረ ቦይ ውስጥ ተኝቷል፤ ሲበጠስ አውጥቶ ሌላ መትከል ነው። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። አንዴ የጋለ ሽቦ ሲቀዘቅዝ ድርቅ ይላል። ከቦዩ ሾልኮ የወጣውን በፒንሳ ልመልስ ካላችሁ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ምድጃውን ከሶኬት ነቅላችሁ፣ ሽቦውን በዶቃ መሥሪያው ቶርች አቅሉትና ገና ቀይ እያለ ቀስ አድርጋችሁ ግፉት።

ጡብ ለመጋል ይዘገያል፤ ለመቀዝቀዝም ይዘገያል። ለዶቃ የሚፈለገው ደግሞ መዘግየቱ ነው። 104 የሚባለው ለስላሳ መስታወት 510 ዲግሪ ሴንቲግሬድ (950 ፋራናይት) አካባቢ ቆይቶ ቀስ ብሎ ካልቀዘቀዘ፣ ዛሬ ባይሰነጠቅ ከወር በኋላ ደንበኛ አንገት ላይ ይሰነጠቃል። በመሃል መብራት ቢጠፋ እንኳ ጡቡ ሙቀቱን ይዞ ትንሽ ያቆያችኋል።

አሁን ወደ ርካሾቹ። ኢንተርኔት ላይ በ250 ዶላር ገደማ የሚሸጡ ስም የለሽ ምድጃዎች አሉ። አንዷ ጓደኛዬ ገዝታ ነበር። ዕቃው ወርቅ ለማቅለጥ የታሰበ ነው፤ ዝቅ ባለ ሙቀት መርጋት አይችልም። 510 ላይ አድርጋው 560 አልፎ ተመለሰ። ክብ የነበሩት ዶቃዎች ከሥራቸው ተጠፍጥፈው የመደርደሪያው ሸካራ ምልክት ታትሞባቸው ወጡ። መቆጣጠሪያው አንድ ቁጥር ብቻ ነው የሚቀበለው፤ በሰዓት ይህን ያህል ውረድ ማለት አይቻልም። ሻጩ «በራስሽ ወጪ ቻይና መልሺው» አላት። የመመለሻው ሂሳብ ምድጃውን ሊያህል ምንም አልቀረው። ቁልፉ በእጅ የሚዞረውንም እለፉት። ዋጋው ቀነስ ይላል፣ ግን እኩለ ሌሊት ላይ ቁጭ ብሎ የሚያወርደው ማነው?

ያገለገለ ጡብ ከ400 እስከ 500 ዶላር ጥሩ ዋጋ ነው። 700 ካሏችሁ ተዉት። ራሳችሁ ሄዳችሁ በመኪና አምጡት፤ ጡብ በፖስታ ሲመጣ ሊሰበር ይችላል። ሳትከፍሉ በፊት አስለኩሱት። 510 ሲደርስ ሪሌው ቀጭ ቀጭ እያለ መብራቱን ሲቆርጥና ሲቀጥል መሰማት አለበት። ድምፁ ጠፍቶ ቁጥሩ መውጣቱን ከቀጠለ ሪሌው ተጣብቋል። ሪሌ ውድ ስላልሆነ ዋጋ ማስቀነሻ አድርጉት እንጂ አትሽሹ። ጡቡ ላይ ያለ ቀጭን ስንጥቅ አያስፈራም። የቦዩ ከንፈር ከተሸረፈ ግን ሽቦው ይወድቃል።

ስለ መብራት ሂሳብ የሚጨነቅ አለ። ኤስሲ-2 1,680 ዋት ነው። ስድስት ሰዓት ሳያርፍ ቢሠራ፣ አያደርገውም እንጂ፣ 10 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በ15 ሳንቲም 1.50 ዶላር። ይልቅ የሚያሳስበው መስመሩ ነው። ብቻውን 14 አምፔር ይስባል። በዚያው መስመር ላይ የእንጀራ ምጣድ ከሰካችሁ ብሬከሩ ይወድቃል፤ ዶቃውም እንጀራውም አብረው ይበላሻሉ።

በሳምንት አሥር ዶቃ ለማትሞሉ ግን ምንም አትግዙ። ከቶርቹ ሲወጣ ቨርሚኩላይት (ሙቀት የሚይዝ ቀላል የማዕድን ፍርፋሪ) ውስጥ ቀብራችሁ አቀዝቅዙና አጠራቅሙ። ምድጃ ያላቸው ስቱዲዮዎች በአንድ ዶቃ ሳንቲም እያስከፈሉ ያግሉላችኋል።