ዜድ/ኦኤስ፣ ዜድ/ቪኤም ወይስ ኬቪኤም? ኮማ ስትጠፋ የሚሆነውን አይታችሁ ምረጡ

ሜሪላንድ የሚኖር ጓደኛዬ ሰሞኑን ደወለልኝ። መሥሪያ ቤቱ አሮጌውን ሜይንፍሬም (የትልልቅ ድርጅቶችን ሥራ የሚሸከም ግዙፍ ኮምፒውተር) በአዲስ ሊተካ ነው። ሻጮቹ ስለ ፍጥነትና ስለ ዋጋ ጆሮው እስኪደክም ነግረውታል። እሱ የጨነቀው ግን ሌላ ነው። «ኮንፊገሬሽኑን የምጽፈው እኔ ነኝ፤ የትኛው ነው ከእንቅልፌ የማይቀሰቅሰኝ?» አለኝ።

ኮንፊገሬሽን ማለት ማሽኑ እንዴት እንደሚሠራ የሚነግረው ጽሑፍ ነው። ይህ ጥያቄ የሽያጭ ወረቀት ላይ አይገኝም። እስቲ በዚሁ እንሂድ።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እናጥራ። ዜድ/ኦኤስ የአይቢኤም ሜይንፍሬም ዋና ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው፤ ዜድ/ቪኤምና ኬቪኤም ደግሞ አንድን ማሽን ወደ ብዙ ቨርቹዋል ማሽኖች የሚከፍሉ ሶፍትዌሮች ናቸው። ሥራችሁ በኮቦል ቋንቋ፣ በሲአይሲኤስ የግብይት ማስተናገጃና በዲቢ2 ዳታቤዝ ላይ የቆመ ከሆነ ብዙም ምርጫ የላችሁም፤ ዜድ/ኦኤስ ነው። ምርጫ የሚመጣው ብዙ የሊኑክስ ሰርቨሮችን አንድ ማሽን ላይ መሰብሰብ ስትፈልጉ ነው። ያኔ አይኤፍኤል የሚባለውን፣ ለሊኑክስ ተብሎ ረከስ ብሎ የሚሸጠውን ፕሮሰሰር ትገዛላችሁ። ዜድ/ቪኤምና ኬቪኤም እሱ ላይ ይሠራሉ። ዜድ/ኦኤስ አይሠራም። አከፋፈሉም ይለያያል። ዜድ/ኦኤስ በአብዛኛው ወርሃዊ ክፍያ አለው። ዜድ/ቪኤም በፕሮሰሰር ቁጥር አንዴ ይገዛል፣ ድጋፉ ለብቻው ይከፈላል። ኬቪኤም ከሊኑክስ ስርጭቶቹ፣ ከሬድ ሃት፣ ከሱሴ ወይም ከኡቡንቱ ጋር ይመጣል።

አሁን ወደ ጽሑፉ። የዜድ/ኦኤስ ኮንፊገሬሽን የሚቀመጠው ፓርምሊብ በሚባል ላይብረሪ ውስጥ ነው፤ በውስጡ ያለው እያንዳንዱ ፋይል አባል ይባላል። እያንዳንዱ መስመር 80 ቁምፊ ይይዛል፤ የፐንች ካርድ ዘመን ቅርስ ነው። ዋናውን የፓራሜትር ዝርዝር፣ አይኢኤሲስን፣ የምትጽፉት ከኮለም (በመስመሩ ላይ ካለው የቁምፊ ቦታ) 1 እስከ 71 ነው። ከ72 እስከ 80 ያለውን ሲስተሙ አያየውም። ሎድ የሚባለው አባል ደግሞ ይብሳል። ቁልፍ ቃሉ ኮለም 1 ላይ፣ ዋጋው ኮለም 10 ላይ መጀመር አለበት። በጣታችሁ እየቆጠራችሁ የምትጽፉት ነገር ነው።

እኔ ግን የምፈራው አይኢኤሲስን ነው። ይህን ተመልከቱ። እውነተኛው ፋይል በላቲን ፊደል ነው፤ እዚህ ለንባብ እንዲመች ገልብጬዋለሁ።

ክሎክ=00,
ሲኤምዲ=00
ፕሮግ=(00,01),
ኤስኤስኤን=00

ሁለተኛው መስመር መጨረሻ ላይ ኮማ የለም። ዜድ/ኦኤስ በኮማ የማያልቅ መስመር ሲያገኝ «በቃ፣ እዚህ ላይ አለቀ» ብሎ ይወስዳል። ከዚያ በታች ያለውን አያነበውም። ስህተት ነው ብሎም አይጮህም፤ ደንቡ ራሱ እንደዚያ ነውና። ፕሮግ አልተነበበም ማለት የኤፒኤፍ ዝርዝራችሁ፣ ማለትም ልዩ ፈቃድ ያላቸው ላይብረሪዎች ዝርዝር፣ አልተጫነም ማለት ነው። ማሽኑ ግን ይነሳል። ሁሉም ሰላም ይመስላል። ቆይቶ ያ ፈቃድ የሚያስፈልገው አንድ ፕሮግራም 047 በሚል አቤንድ (ድንገተኛ መቋረጥ) ይወድቃል።

አንድ እሁድ ሌሊት በዚህ ሁለት ሰዓት አቃጥያለሁ። የኤፒኤፍ ዝርዝሩን ደጋግሜ አየሁት፤ እንከን አልነበረበትም። ለካ ጥፋቱ ሌላ አባል ውስጥ ነው። ኮማዋን የሰረዝኳት ደግሞ እኔው ራሴ ነኝ፣ አርብ ዕለት፣ ወደ ቤት ለመሄድ ስቸኩል።

አንዳንዱን አባል ቀድሞ መፈተሽ ይቻላል። የዩኒክሱን ክፍል፣ ቢፒኤክስፒአርኤምን፣ ማሽኑን ሳታጠፉ ሴትኦኤምቪኤስ ሲንታክስቼክ በሚባል ኮማንድ ማየት ትችላላችሁ። ለሁሉም አባል ግን እንዲህ ያለ ኮማንድ የለም።

ዜድ/ቪኤም ላይም ኮማ አለች። ሲስተም ኮንፊግ በሚባለው ፋይል ውስጥ ስቴትመንት (አንድ ሙሉ ትእዛዝ) ወደ ቀጣዩ መስመር የሚሻገረው በኮማ ነው። ልዩነቱ የሚታየው ስትጠፋ ነው። ቀጣዩ መስመር እንደ አዲስ ስቴትመንት ይነበባል፣ ትርጉም አይሰጥም፣ የስህተት መልእክት ይመጣል። እሱም ቢሆን ማሽኑ ሲነሳ ድረስ መጠበቅ የለበትም። ሲፒሲንታክስ የሚባል መፈተሻ አለ፤ ፋይሉን ቀይራችሁ ስትጨርሱ አስኪዱት፣ ጥፋቱን ይነግራችኋል። ኮለም መቁጠር የለም። ትልቅ ፊደል፣ ትንሽ ፊደል ብሎ ጭቅጭቅም የለም።

በጣም የምወደው ግን ቶለሬት ኮንፊግ ኤረርስ የሚለውን ስቴትመንት ነው። የፋይሉን አንድ ክፍል «እዚህ ላይ ስህተት አልቀበልም» ብላችሁ ታጥሩታላችሁ። እዚያ ውስጥ ጥፋት ከተገኘ ሲስተሙ ቆም ብሎ ኦፕሬተሩን ይጠይቃል፤ ልቀጥል ወይስ ልቁም? ከአንድ በላይ ሲስተም ካላችሁ ደግሞ ከስቴትመንቱ በፊት የሲስተሙን ስምና ሁለት ነጥብ ታስቀድማላችሁ። ያ መስመር የሚሠራው ለዚያ ሲስተም ብቻ ነው። አንድ ፋይል ለሁሉም ይበቃል።

ጉድለቱ ሰው ነው። ዜድ/ቪኤምን አሳምሮ የሚያውቅ ሰው በቀላሉ አይገኝም፣ ሲገኝም ጡረታ ሊወጣ የተቃረበ ነው።

ኬቪኤም ለሊኑክስ ሰው ቤቱ ነው። የቨርቹዋል ማሽኑ መግለጫ በኤክስኤምኤል፣ በታግ በሚከፈትና በሚዘጋ የጽሑፍ ቅርጽ፣ ይጻፋል። ያልተዘጋ ታግ ካለ ወዲያው ይነገራችኋል። አንድ ወጥመድ ግን አለ። ቪርሽ በሚባለው ማስተዳደሪያ ኮማንድ፣ በቪርሽ ኤዲት ከቀየራችሁ ሲስተሙ መግለጫውን ከስኪማው (ከተፈቀደው ቅርጽ) ጋር ያመሳክራል፣ ካልተስማማው እንደገና እንድትሞክሩ ይጠይቃል። በቪርሽ ዲፋይን ካስገባችሁ ግን ቫሊዴት የሚለውን ካልጨመራችሁ የማያውቀውን ኤለመንት ዝም ብሎ ይዘለዋል። የዜድ/ኦኤሷ ኮማ ታናሽ እህት በሏት። ዚፕል የሚባለውን ማስነሻ አዘጋጅ በሚጠቀም የሊኑክስ ስርጭት ላይ ደግሞ የማስነሻውን ፋይል መቀየር ብቻውን ምንም አያመጣም። ዚፕልን ራሱን እንደገና ማስኬድ አለባችሁ፣ አለበለዚያ ማሽኑ በድሮው ይነሳል።

ለጓደኛዬ ዜድ/ቪኤም ይሻልሃል አልኩት። ሥራቸው ሊኑክስ ነው፣ ሲኤምኤስን፣ የዜድ/ቪኤምን የሥራ አካባቢ፣ የሚያውቁ ሁለት ሰዎችም አሏቸው። አለቃው ግን ሬድ ሃት የሚችሉ ሦስት ልጆች አሉን ብሎ ወደ ኬቪኤም አዘንብሏል። እሱም ያስኬዳል። ቫሊዴትን እንዳይረሱ ብቻ ወረቀት ላይ ጽፈው ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ይለጥፉት አልኩት።