«ልክሰር ወይስ አልክሰር?» ብዬ የሄድኩበት የጠበቃ ቢሮ

ባሕር ዳር ውስጥ ዕዳ ያፈጠጠበት ነጋዴ ካለ ይቺን ያንብብ። ቢሮዋ ፍርድ ቤቱ አካባቢ፣ ፎቅ ላይ ናት። ስሟን አልጠራም፤ ማስታወቂያ ይመስልብኛል፣ ደግሞ የማማርረውም አለኝ።

የኔ ሥራ ጀልባ ነው። ቱሪስት ወደ ዘጌ፣ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት አመላልሳለሁ። አመላልስ ነበር ብል ይሻላል። መጀመሪያ ኮሮና፣ ቀጥሎ የሰሜኑ ጦርነት፣ ከነሐሴ 2015 ወዲህ ደግሞ የክልላችን ነገር፤ ጀልባዋ ዳር ላይ ታስራ ስትውል የባንኩ ወለድ ግን አንድም ቀን ታስሮ አያውቅም። ቤቴ በመያዣ ተይዟል። ዕቁቡን ቀድሜ በልቼዋለሁ፣ ዋሴም የባለቤቴ ወንድም ነው። የሞተር ዕቃ ዱቤም አለብኝ። አንዱ ወዳጄ «ፍርድ ቤት ሄደህ ኪሳራ አሳውጅና ተገላገል፣ ሕግ አለ እኮ!» አለኝ።

ምክሩ 1500 ብር ነው፣ በቅድሚያ ይከፈላል። ቀጠሮዬ ሦስት ሰዓት ነበር፣ የገባሁት ለአምስት ሩብ ጉዳይ። ኮሪደሩ ላይ ያለው ወንበር አንድ ነው። ፎቶ ኮፒ ካስፈለገህ ታች መውረድ ነው።

ጠበቃዋ ግን ሌላ ናት። በዕድሜ ልጄ ብትሆን ነው። ፋይሌን ሳትከፍት «ጋሼ፣ ንግድ ፈቃዱ በማን ስም ነው?» አለችኝ። በኔ ስም ነዋ። ለካ ጥያቄው ወዲህ ነው፦ በእኛ አገር የመክሰር ሕግ የነጋዴና የንግድ ማኅበር ነው። በ1952ቱ የንግድ ሕግም፣ ኋላ በመጣው አዋጅ 1243/2013ም እንዲሁ። ደሞዝተኛ ብድር በዛብኝ ብሎ «ከስሬያለሁ» ብሎ ማመልከት አይችልም። ፈቃዱ በግል ስም ከሆነ ደግሞ የጀልባው ዕዳ የቤትም ዕዳ ነው። አዲሱ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር (የንግዱ ዕዳ ከግል ንብረቱ የሚለይበት) እንዲያቋቁም ፈቅዷል፤ አሁን ንግድ የምትጀምሩ ልብ በሉ።

ከዚያ ወረቀት አወጣችና መሐሉን በእስክሪብቶ ሰነጠቀችው። መያዣ ወይም ዋስ ያለውን ዕዳ በቀኝ፣ ባዶውን በግራ። ቀኙ ሞላ። ግራው ላይ የሞተር ዕቃው ዱቤ ብቻ ቀረ። የአማቼን ስም ከበበችውና «ጋሼ፣ እርስዎ ከሰሩ ማለት እኮ እሳቸው ነፃ ወጡ ማለት አይደለም። ዕቁብተኛው በቀጥታ ወደ እሳቸው ነው የሚሄደው» አለችኝ። እኔ ልገላገል፣ እሱ ሊገባበት! ቤት ውስጥ ምን ይዤ ልገባ ነው?

የባንኩም እንደዛው። በአዋጅ 97/1990 ባንክ ያስያዝከውን ቤት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ፍርድ ቤት ሳይሄድ በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ብከስርም ከቤቱ ሽያጭ ቀድሞ የሚወስደው እሱ ነው። ንብረቴን ግን ፍርድ ቤት የሾመው ሰው ይረከበዋል፣ መዝገቤን ያገላብጣል። ከመክሰር በፊት መኪናህን ለወንድምህ «ሸጠህ» ከሆነ ሽያጩ ሊፈርስ ይችላል፤ ማሸሽህ ከታወቀ ወንጀልም አለው። ደረቅ ቼክ ጽፌ እንደሆነም ጠየቀችኝ፤ እሱ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፣ መክሰር አያጥበውም። አልጻፍኩም ስላት እሷም ተነፈሰች።

ለሁሉም አይሆንም አላለችም። ዕዳው የሚበዛው በግራ በኩል ከሆነና ንግዱ ጭራሽ ከሞተ ማመልከቱ ያዋጣል ነው የምትለው። ንግዱ ነፍስ ካለው ደግሞ ሕጉ ንግዱን ሳይዘጉ ዕዳውን መልሶ የማደራጀት መንገድ አለው። ለአንድ ጀልባ ግን የችሎቱ ወጪና ምልልስ አያዋጣም፣ መጀመሪያ ባንኩን እናናግር አለች። ደብዳቤ ጻፈችልኝ፣ ባንኩም የመክፈያ ጊዜውን አራዘመልኝ። ወለዱ መቁጠሩን አላቆመም። ቢሆንም ቤቴ አለ።

እንግዲህ ቅሬታዬ፦ ደብዳቤው ለብቻ እንደሚከፈልበት ማንም አልነገረኝም። ተጽፎ፣ ማኅተም ተመትቶ ካለቀ በኋላ ነው ጸሐፊዋ 2000 ያለችኝ። ይሄ ነውር ነው።

ከአምስት አራት ኮከብ። የብድር ውሉን፣ የመያዣ ውሉንና ንግድ ፈቃዱን ኮፒ አድርጋችሁ ሂዱ፣ የደብዳቤውን ዋጋም ከመቀመጣችሁ በፊት ጠይቁ። መክፈል ለማይችል ሰው ደግሞ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ በዚያ ጀምሩ።