የተዳቀለ አቮካዶ ልትገዙ ነው? መጀመሪያ ጎንበስ በሉ

ሿሿ የተሠራሁት ታክሲ ውስጥ አይደለም፤ በችግኝ ነው። ሰኔ እየደረሰ ነው። መንገድ ዳር ችግኝ የሚደረድሩትም ሰሞኑን መታየት ጀምረዋል። ስለዚህ ያለፈው ሰኔ የደረሰብኝን ልጻፈው። የእኔ ብር ሄዷል፣ የእናንተ ግን ገና ኪሳችሁ ውስጥ ነው።

የምንኖረው ሰሚት አካባቢ ነው። ከቤታችን ጀርባ አራት በስድስት ሜትር የምትሆን ባዶ ቦታ አለች። ልብስ ከማስጫና አሮጌ ቆርቆሮ ከማስቀመጫ ሌላ ጥቅም አልነበራትም። እኔ ደግሞ በሕይወቴ ምንም ተክዬ አላውቅም። ቢሮ የተሰጠኝ አበባ እንኳ ሁለት ሳምንት አልቆየልኝም። ግን የአቮካዶ ዋጋ ሲያማርረኝና ስልኬ ላይ በባልዲ ቲማቲም የሚለቅሙ ሰዎች ሳይ ልቤ ተነሳ። ባለቤቴን «ከሦስት ዓመት በኋላ አቮካዶ መግዛት ቀረ» አልኳት። «እስቲ መጀመሪያ ጎመኑን አብቅለው» አለችኝ። ሴትየዋ ልክ ነበረች።

የሦስት ዓመቷን ወሬ ያገኘሁት ከማስታወቂያ ነው። አንድ የቴሌግራም ቻናል ላይ «የተዳቀለ ሃስ አቮካዶ፣ በሦስት ዓመት የሚያፈራ» ይላል። የተዳቀለ ሲባል በአንዱ ችግኝ ግንድ ላይ የሌላ ዛፍ ቅርንጫፍ የተገጠመበት ማለት ነው፤ ሃስ ደግሞ የአቮካዶ ዓይነት ነው። ፎቶው ላይ ከወገብ የማይበልጥ ዛፍ ፍሬ አንጠልጥሏል። አንዱ ችግኝ 650 ብር። ያልተዳቀለውን እዚያው ሰፈር በመቶ ብር አካባቢ ማግኘት ይቻል ነበር። ሦስት አዘዝኩ። ሁለት ጆንያ «ኮምፖስት» ጨመርኩ። ዘር በምርቃት ሰጡኝ። ብሩን በስልክ አስተላለፍኩ፣ አንድ ልጅ በባጃጅ አምጥቶ በር ላይ አወረደልኝ። ደረሰኝ የለ፣ የሱቅ አድራሻ የለ፣ ያለኝ ስልክ ቁጥር ብቻ።

ችግኞቹ ግን ያምሩ ነበር። ቅጠላቸው ያብረቀርቃል። ግንዳቸው ላይ፣ ከአፈሩ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ ነጭ ፕላስቲክ ጥብቅ ብሎ ተጠምጥሟል። «የተዳቀለው እዚህ ጋ ነው፤ እንዳትነካው» አለኝ ልጁ። አልነካሁትም። ዝናብ ሲበረታ እንኳ ፕላስቲኩ እንዳይላላ እየወጣሁ አየው ነበር።

እዚህ ላይ መዳቀል ለምን ዋጋ እንዳለው ካልነገርኳችሁ ንዴቴ አይገባችሁም። የአቮካዶ ፍሬ ስትተክሉ የሚወጣው ዛፍ እናቱን አይመስልም። ጣፋጭ ሃስ በልታችሁ ፍሬውን ብትቀብሩት የሚበቅለው ሌላ ነው። ጥሩም ሊሆን ይችላል፣ ውሃ ውሃ የሚልም ሊሆን ይችላል። ያውም ለማፍራት ሰባት ዓመትና ከዚያ በላይ ሊያስጠብቅ ይችላል። ሃስ የሰው ስም ነው። ሩዶልፍ ሃስ የሚባል የካሊፎርኒያ ፖስታ አመላላሽ ግቢው ውስጥ በዘር ከበቀሉት አንዱ ዛፍ ለየት ያለ ፍሬ ሰጠው፤ እ.ኤ.አ. በ1935 የፈጠራ መብት አወጣበት። ዛሬ በዓለም ላይ ያለው ሃስ ሁሉ ቅርንጫፍ ከቅርንጫፍ እየተቆረጠ ከዚያ ከአንድ ዛፍ የወረደ ነው። ሲዳቀል ከታች ከዘር የበቀለ የሀገርኛ አቮካዶ ግንድ ይሆናል፤ ከላይ የሚያፈራ ዛፍ ቅርንጫፍ ጫፍ ተቆርጦ ይገጠምበታል። የቅርንጫፉ ዕድሜ የትልቅ ዛፍ ዕድሜ ስለሆነ ነው ቶሎ የሚያፈራው። እና ያ 550 ብር ልዩነት የምትከፍሉት ለዚያች መገጣጠሚያ ነው። ለሌላ ለምንም አይደለም።

መስከረም ላይ ጎረቤታችን ጋሼ ቡና ሊጠጡ መጡ። የዲላ ሰው ናቸው፣ አቮካዶ በየጓሮው ሲያዩ ያደጉ። ወደ ጀርባ ወሰድኳቸው። ላሳያቸው ቸኩዬ ነበር፣ አልዋሽም።

«ይሄ ልጅ ምን ሆኖ ነው በፋሻ የታሰረው?» አሉኝ።

ጎንበስ ብለው በጥፍራቸው የፕላስቲኩን ጫፍ ፈለጉ። «ጋሼ፣ እንዳይነካ ተብሏል!» ብል፣ «ይሄን ያህል ጊዜ ካልተፈታማ ያንቀዋል» አሉና መጠምዘዝ ቀጠሉ። ፕላስቲኩ ተፈቶ አለቀ። ውስጡ ያለው ግንድ ለስላሳ፣ አረንጓዴ፣ ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ ነው። ጠባሳ የለውም። እጥፋት የለውም። ካልሲ ሲወልቅ እግር ላይ እንደሚቀረው ያለ የላስቲክ ቀለበት ብቻ ታትሞበታል።

«ይሄ እንኳን ሊዳቀል፣ ምላጭም አልነካው» አሉ።

ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛው እውነትም ተዳቅሏል፣ ግን የተገጠመው ቅርንጫፍ ደርቆ እንደ ክብሪት እንጨት ቆሟል። ለምልሞ ያደገው ከመገጣጠሚያው በታች የወጣው የሀገርኛው ቀንበጥ ነው። እኔ ደግሞ ክረምቱን ሙሉ «ይሄኛው ጎበዝ ነው» እያልኩ ለባለቤቴ አሳያት የነበረው እሱን ነው!

ለሻጩ ደወልኩ። መጀመሪያ «ወንድሜ፣ እኛ ጋ የሚወጣው ሁሉ የተዳቀለ ነው» አለ። ፎቶ ላኩለት። «አንተ ነህ ያበላሸኸው፣ ማን ፍታ አለህ?» አለ። ከዚያ ብሎክ። በሸማቾች ጥበቃ አዋጁ መሠረት ስለምንገዛው ነገር ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለን። ግን ደረሰኝና አድራሻ በሌለበት ማንን ይዤ የት እሄዳለሁ? ሻጩ ዛሬም ሌላ ስም ባለው ቻናል ያችኑ ፎቶ ለጥፎ ይሸጣል።

እና ስትገዙ እንደ እኔ ቅጠል አይታችሁ አትደሰቱ፤ ግንዱን እዩ። በደንብ የተዳቀለ ችግኝ ፕላስቲኩ ተፈቶለትም ምልክቱ አይጠፋም። ሰያፍ ወይም እንደ ሹካ የተሰነጠቀ ጠባሳ ይኖረዋል፣ ግንዱ እዚያ ጋ ትንሽ ያብጣል ወይም ይጎብጣል። ከላይና ከታች ያለው ቅርፊት ብዙ ጊዜ በቀለም ይለያያል። ፕላስቲክ ካለበት ሻጩ ራሱ ፈቶ ያሳያችሁ። «ገና ስላልያዘ አይፈታም» ካለም፣ ገና ያልያዘ ችግኝ በሙሉ ዋጋ ለምን ትገዛላችሁ? ሲይዝ እንመጣለን በሉት። ለምለሙ ቅጠል ከመገጣጠሚያው በላይ መውጣቱንም አረጋግጡ። ከታች የሚወጣ ቀንበጥ ካለ ገና በእንጭጩ ይቆረጣል፤ አለዚያ ምግቡን ሁሉ እሱ ይወስደዋል።

ሻጩ ሁሉ አጭበርባሪ ነው ማለቴ አይደለም። በኋላ የሄድኩበት አንድ ችግኝ ጣቢያ ሴትየዋ ሳልጠይቃት ግንዱን አዙራ አሳየችኝ፣ የትኛው እንዳልያዘም ነገረችኝ። በስልክ አትግዙ የምለው ለዚህ ነው።

ኮምፖስቱማ ምኑ ይወራል። ከላይ አንድ ክንድ ያህል ጥቁር ነገር፣ ከሥሩ ጠጠር፣ የሲሚንቶ ፍርፋሪና የሴራሚክ ስባሪ። ጥቁሩም ያልበሰለ የዶሮ ኩስ ነበር። እጄን ሳስገባ ይሞቃል፣ ሽታው ዓይን ያቃጥላል። የበሰለ ኮምፖስት ቀዝቃዛ ነው፣ ሽታውም ዝናብ የነካው አፈር ይመስላል። ይህን ሳላውቅ ሰላጣዬ ሥር በተንኩት፤ በአራት ቀን ቅጠሉ ዳር ዳሩን እንደ ተለበለበ ወረቀት ሆነ። ጆንያውን እዚያው ገልብጣችሁ እዩ፣ ሻጩ ፊቱን ቢያጠቁርም። የምርቃቱ የካሮት ዘርም ስምና ቀን በሌለው ፌስታል የታሰረ ነበር። አሥር ፍሬ በእርጥብ ሶፍት ላይ አድርጌ ጠበቅኩ፣ ሁለት በቀለ።

ሁሉን በሻጩ ማላከክም አልፈልግም። ከሦስቱ አንዱን የገደልኩት ራሴ ነኝ። የእኛ ሰፈር አፈር መረሬ ነው፤ ክረምት ውሃ ይይዛል፣ በጋ ይሰነጣጠቃል። እኔ ጉድጓድ ቆፍሬ ውስጡ ተከልኩት፣ ውሃው ኩሬ ሠራበት፣ ሥሩ በሰበሰ። አቮካዶ እግሩ ውሃ ውስጥ ሲቆም አይወድም። የሃስ እናት ዛፍ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2002 የሞተችው በሥር መበስበስ ነው። እንዲህ ያለ አፈር ላይ አፈሩን ጉብ አድርጎ ከላይ መትከል ነው እንጂ መቅበር አያዋጣም። የኅዳር ውርጭ ደግሞ አለ፤ ትንሽ ችግኝ ማታ ማታ ጆንያ ካልለበሰ ቅጠሉ ይጠቁራል።

የቀሩትን ሁለቱን ልነቅላቸው ነበር። ጋሼ ከለከሉኝ። «ግንዱ ምን አጠፋ? ሀገርኛ ነው፣ ጠንካራ ነው። እውነተኛውን እናዳቅልበት» አሉ። ከሦስት ሳምንት በፊት ከዲላ ዘመድ ሲመጣላቸው ስድስት የእርሳስ ውፍረት ያላቸው ቅርንጫፎች በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ አመጣ። ጋሼ በአዲስ ምላጭ ሰነጠቁ፣ ጫፉን እንደ ሽብልቅ ጠርበው አስገቡ፣ እኔ ፕላስቲኩን ጠመጠምኩ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። አንደኛው ጠቁሮ ደርቋል። ሁለተኛው ላይ ግን ዛሬ ጠዋት ቡና ይዤ ስወጣ እንቡጡ የስንዴ ፍሬ ያህል አብጧል። ባለቤቴን ጠርቼ አሳየኋት። ጎንበስ ብላ አየችና «ጎመኑስ?» አለችኝ።