ሲኖሎጂ፣ ኪውናፕ ወይስ ቢሮው ያለው ኮምፒውተር? የጋራ ፋይል ማስቀመጫ ንጽጽር

ሐዋሳ ላይ ለቢሮው የጋራ ፋይል ማስቀመጫ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ቴራ ነው?» ብሎ ነው። ቴራውስ ምን ችግር አለው? ሲሞላ ትልቅ ዲስክ ይገዛለታል። ራስ የሚያዞረው ማን የቱን ፎልደር ይከፍታል የሚለው ነው።

አቶቴ አካባቢ ስድስት ሰው የሚሠራበት የሒሳብ ቢሮ አለ እንበል። «ደንበኞች» የሚለውን ፎልደር ሁሉም ይጠቀምበታል። በውስጡ ያለውን «ደመወዝ» ግን ሥራ አስኪያጇና አንድ የሒሳብ ባለሙያ ብቻ ናቸው ማየት ያለባቸው። ሲኖሎጂና ኪውናፕ ዲስክ ተጭኖባቸው ከቢሮው ኔትወርክ ጋር የሚገናኙ የፋይል ማስቀመጫ ዕቃዎች ናቸው። ምርጫዎቹን ሁሉ በዚህ እንመዝናቸው።

ቢሮው ያለውን የዊንዶውስ ኮምፒውተር ሼር ማድረግ ወጪ የለውም። ጣጣው ፈቃዱ ሁለት ቦታ መሰጠቱ ነው፤ በፎልደሩ ፕሮፐርቲስ አንዱ «ሼሪንግ»፣ ሌላው «ሴኩሪቲ» ውስጥ። በኔትወርክ ለሚገባ ሰው ከሁለቱ ጠበቅ ያለው ይሠራል። ይሄን የማያውቅ ሰው አንዱን ከፍቶ «ለምን አልገባም አለኝ?» ሲል ይውላል። መጨረሻ ላይ ሲመረው ለ«ኤቭሪዋን»፣ ማለትም ለሁሉም ሰው፣ ሙሉ ፈቃድ ሰጥቶ ይገላገላል። ያኔ ደመወዙም አደባባይ ወጣ ማለት ነው። በዚያ ላይ ዊንዶውስ 10ም ሆነ 11 በአንድ ጊዜ ከ20 በላይ ግንኙነት አይቀበልም። ለሦስት አራት ሰው ግን ይበቃል፤ ምሳ ሰዓት ላይ ኮምፒውተሩን የሚያጠፋው ሰው ከሌለ።

ሲኖሎጂ ለእንዲህ ዓይነት ቢሮ የኔ ምርጫ ነው። ለእያንዳንዱ የጋራ ፎልደር የዩዘሮች ዝርዝር ይመጣል፤ ከስማቸው ጎን ክልክል፣ ማንበብና መጻፍ፣ ማንበብ ብቻ የሚሉ ሳጥኖች አሉ። አንድ ሰው በአንዱ ግሩፕ ተፈቅዶለት በሌላው ከተከለከለ ክልከላው ያሸንፋል። «ደመወዝ»ን ለመዝጋት ፋይል ስቴሽን በሚባለው የሲኖሎጂ የፋይል መክፈቻ ውስጥ በቀኝ ክሊክ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ፐርሚሽን መግባት ነው። ፈቃድ የሌለው ሰው ፎልደሩን ጭራሽ እንዳያየው የማድረግ ምርጫም አለው። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። የተቆለፈ ፎልደር ያየ ሠራተኛ «ምን ደብቀው ነው?» ማለቱ አይቀርም።

ኪውናፕም ክልከላን ያስቀድማል። ነገር ግን የውስጥ ፎልደር ላይ ለብቻው ፈቃድ ለመስጠት «አድቫንስድ ፎልደር ፐርሚሽን» የሚባለውን ምርጫ ማብራት ያስፈልጋል። ካልበራ «ደንበኞች»ን የሚከፍት ሁሉ «ደመወዝ»ንም ይከፍታል። በዕቃነቱ ግን ኪውናፕ ቸር ነው። ሁለት ዲስክ የሚይዘው ቲኤስ-264 ባለ 2.5 ጊጋቢት ሁለት የኔትወርክ ፖርት አለው፤ የሲኖሎጂው ዲኤስ224 ፕላስ ሁለቱም ባለ 1 ጊጋቢት ናቸው። የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ስቱዲዮ ከሆኑ ወደ ኪውናፕ ያድሉ። ብቻ ከኢንተርኔት በቀጥታ እንዲገባበት ራውተሩ ላይ ፖርት አይክፈቱ። በ2022 ዴድቦልት የተባለው ቫይረስ ፋይል እየቆለፈ ገንዘብ በመጠየቅ ያጠቃው በዚህ መንገድ ለኢንተርኔት የተጋለጡ የኪውናፕ ዕቃዎችን ነው። ሲኖሎጂ ለገዛም ምክሩ ያው ነው።

ትሩናስ ኮምፒውተርን ወደ ጋራ ፋይል ማስቀመጫ የሚቀይር ነፃ ሶፍትዌር ነው፤ ቢያንስ 8 ጊጋ ራም ያለው ኮምፒውተር ላይ ይጫናል። ፈቃዱ እስከ ጥቃቅኑ ይከፋፈላል። ቋሚ የአይቲ ባለሙያ ከሌለዎት ግን ይተዉት። የጫነው ልጅ ሥራ ቀይሮ ሲሄድ የፈቃዱን ገጽ የሚነካ ሰው ያጣሉ።

መብራት ሲጠፋ ሲኖሎጂም ኪውናፕም በዩኤስቢ ከተገናኘ ዩፒኤስ (ለጥቂት ጊዜ ኃይል ከሚሰጥ ባትሪ) ምልክት ተቀብለው ራሳቸውን በሥርዓት ያጠፋሉ። የዩፒኤሱ ሞዴል ከዕቃው ጋር እንደሚሠራ አስቀድመው ያጣሩ።

ሒሳብ ከመክፈልዎ በፊት ሻጩ ሁለት ዩዘርና አንድ የተዘጋ የውስጥ ፎልደር ፈጥሮ ያሳይዎት። አንዱን ዩዘር በላፕቶፕ፣ ሌላውን በስልክዎ ይሞክሩ። ዊንዶውስ ወደ አንድ ሰርቨር በአንዴ በሁለት ስም መግባት ስለማይፈቅድ፣ ሁለቱንም በአንድ ላፕቶፕ ልሞክር ካሉ ደህናው ዕቃ የተበላሸ ይመስልዎታል።