ቪትዜን «ሞተር ይውረድ» አሉኝ፤ የተበላሸው ግን የራዲያተሯ ክዳን ነበር

የ2002 ሞዴል ቪትዝ ከገዛሁ 14 ወር ሆነኝ። ሥራ ታደርሰኛለች፣ ትመልሰኛለች፤ እዚያ ላይ ብዙ የምለው የለኝም። የምጽፈው እንጦጦ ዳገት ላይ ስለገጠመኝ ነገር ነው።

በወሩ 21 እናቴን ወደ እንጦጦ ማርያም ይዣት እየወጣሁ ነበር። ሽሮ ሜዳን አልፈን ዳገቱ ሲከብድ ቀዩ መብራት በራ። ይህቺ መኪና የሙቀት ጌጅ የላትም። ስትቀዘቅዝ ሰማያዊ፣ ስትግል ቀይ መብራት፣ በቃ። ጥግ ይዤ አጠፋሁ። ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ይወጣል፣ ትርፍ ውሃ መያዣው ውስጥ ቡናማ ውሃ ይንተከተካል። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ባሕር ዛፍ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። «ክፈቺውና ውሃ ጨምሪበት» የሚል መንገደኛ አልጠፋም። የጋለ ራዲያተር የከፈተ ሰው ፊቱን ነው የሚቃጠለው፤ እስኪበርድ አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅን።

መጀመሪያ የወሰድኩበት ጋራዥ መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ አየት አደረገና «እህቴ፣ ጓርኒሲዮን በልታለች፤ ሞተር ይውረድ» አለኝ። ጓርኒሲዮን የሞተሩን ራስ ከታችኛው አካል ጋር የሚያሽገው ነው፤ ሲበላ ውሃው ከዘይቱ ሊቀላቀል፣ ወይም ገብቶ ነጭ ጭስ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ዘይቱ እንደ ወተት አልነጣ፣ ከጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ አይወጣ፤ በምን አወቀ? ወንድሜ ደግሞ «ሽጪያት» አለ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ያዳኑኝ የሰፈራችን ሽማግሌ መካኒክ ናቸው። ሞተሯ እስኪቀዘቅዝ ጠብቀው የራዲያተሩን ክዳን ከፈቱና የሥሩን ላስቲክ በአውራ ጣታቸው ጫን አሉት። ላስቲኩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ስፕሪንጉ ዝጓል። «ልጄ፣ ይሄ እኮ አፍኖ መያዝ ነበረበት» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሞተር ደግሞ ዳገት ላይ እዚያ ለመድረስ ጊዜ አይፈጅበትም። ደህና ክዳን ግፊቱን አፍኖ የመፍያውን ልክ ከ110 ዲግሪ በላይ ያወጣዋል። ካላፈነ ግን ማራገቢያው ገና ሲነሳ ውሃው ይፈላል። ቆላ ላይ ብዙ የሚያስኬድ ክዳን እኛ ዳገት ላይ ጉድ ይሠራል።

ጋሼ በዚህ አላበቁም። ተርሞስታቱን፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳያልፍ የሚዘጋውን ዕቃ፣ ሊያዩ ፈቱ፤ የለም! አንዱ አውጥቶ ጥሎታል። ለካ ጠዋት ከሲኤምሲ ተነስቼ መገናኛ እስክደርስ ሰማያዊው መብራት የማይጠፋው ለዚህ ነበር። ሞተሩ በቶሎ አይሞቅም፣ ቤንዚን ያለ ልክ ይበላል፤ እኔ ደግሞ የመኪናዋ ጠባይ መስሎኝ ለወራት ከፍያለሁ።

«ሞተሯ አልተነካም፣ የሴት መኪና ናት» ብሎ የሸጠልኝ ደላላ ይህን ቢያነብ ደስ ይለኛል። ተርሞስታት የሌለው ሞተር አልተነካም ይባላል? ውሃውስ? ዓመታት የቧንቧ ውሃ ሲጠጣ ኖሮ ዝገቱ የራዲያተሩን ቀጫጭን መተላለፊያ ደፍኖታል። ዝገት የሚከላከለውን የራዲያተር ፈሳሽ «ኩላንት ቅንጦት ነው» የምትሉ ሰዎች፣ ከራዲያተሬ የወጣውን ውሃ ብታዩት ጭቃ ነው የምትሉት። ሦስት ጊዜ ታጥቦ ነው የጠራው።

ሶማሌ ተራ ወርጄ 1.1 የሚል የግፊት ቁጥር ያለው ክዳን፣ በ82 ዲግሪ የሚከፈት ተርሞስታትና ኩላንት ገዛሁ። ሁሉም ተደምሮ የሞተር ማውረጃውን ዋጋ አንድ አሥረኛ አይሆንም። ከዚያ ወዲህ አምስት ወር፣ እንጦጦም በየወሩ፣ ቀዩ መብራት በርቶ አያውቅም።

መኪናዋን አልሸጥም፤ ወንድሜም ተስፋ ይቁረጥ። አሮጌ ቪትዝ የምትገዙ ግን ጠዋት በማለዳ ሂዱ፤ ሞተሯ ቀዝቃዛ መሆኑን በእጃችሁ ዳስሳችሁ አረጋግጡ፣ ክዳኑን ከፍታችሁ ውሃውን እዩ፣ ከዚያ አስነስታችሁ ሰማያዊው መብራት ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ቁጠሩ። ሻጩ አሙቆ ከጠበቃችሁ ተመልሳችሁ ሌላ ቀን ሂዱ። እኔ ስደርስ ሞቃ ነበር የጠበቀችኝ።